ዕድርተኛው ጨፌ

በእኛ ከተማ ሰው የሚከበረው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲሾምና ሲሞት። በመካከሉ ያለው ዘመን ወረፋ ነው። ወረፋውን በትዕግሥት የጠበቀ ከሁለቱ አንዱ ይደርሰዋል፤ ሹመቱ ቢያልፈው እንኳ ሌላው አያልፈውም። ይህን የምለው በምሬት እንዳይመስላችሁ። እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። ሹመት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ለቅሶም እንደዚሁ። ሥርዓት ያጣው በመካከል ያለው ኑሮ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም የሚመለከተው ክፍል ይዞታል። መልስ እየጠበቅን ነው።

ሹማምንቶቻችንን ልብ ብላችሁ አይታችኋቸው እንደሆን፣ ከስብሰባ ይቀራሉ። ከምክክር መድረክ ይቀራሉ። የመስክ ጉብኝትማ የቀሩበትን ትተን የተገኙበትን ብናወራ ይቀላል። ከለቅሶ ግን አይቀሩም። ቢሯቸው ሄዳችሁ «መስክ ናቸው» ከተባላችሁ ጊዜ አታጥፉ፤ ጡሩንባ ወደተነፋበት ሰፈር ሂዱ። ኃላፊው ነጠላውን አጣፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ይህ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም። ለቅሶ የማይደርስ ሹም የእሱ ቀን ሲመጣ ማን ይደርስለታል? ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ ለሹም ደግሞ ከሞቱ ለቀስተኛው።

ይህን ያወቅሁት በሥራዬ ምክንያት ነው። የሰፈራችን ዕድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ጎላ ድስቱ፣ ጡሩንባው በእኔ እጅ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚህ የሰፈረ ሰው ነበር፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ በአማርኛ እየጻፍኩ በኦሮምኛ እየተከራከርኩ ኖሬአለሁ። ሰፈርተኛው ድንኳን ሲፈልግ አክብሮ «ኦቦ አያሌው» ይለኛል፤ አቶ እንደማለት ነው። ሳይፈልግ «አያሌው» ነኝ።

የከተማችንን ስም አልጠራም። ከአኖ ወደ ነቀምቴ ስትመጡ፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋችሁ የምታልፏት ናት። ነቅታችሁ ቢሆን ኖሮ ከቤቶቹ ጀርባ የተንጣለለ አረንጓዴ መስክ ባያችሁ ነበር። መስክ ነው ብሎ የገባበት እንግዳ ጫማውን ትቶ ይወጣል። እኛ ጨፌ እንለዋለን፤ ቄጠማና ደንገል የለበሰ፣ ከላዩ ሽመላ ከታቹ አልቅት የማያጣ ረግረግ ነው። መሬቱ ቁልቁል ሲል ከበታቹ አንዲት ምንጭ አለች። ጨፌው ክረምቱን የጠጣውን ውሃ በጋውን ሙሉ በዚች ምንጭ በኩል ቀስ እያለ ይመልሰዋል፤ የተበደረውን የሚመልስ በከተማችን እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቧንቧው ሲደርቅ ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ የሚወርደው ወደዚያ ነው።

ከምንጯ ሥር የአዴ ጫልቱ የጎመን መደብ አለ፤ አዴ ለሴት የሚባል ኦቦ ነው። አዴ ጫልቱ ባላቸው ቀድሞ ያረፈባቸው፣ ልጆቻቸውን በጎመን አሳድገው በጎመን የዳሩ ሴት ናቸው። መንገዱ ተዘግቶ ከየትም ምንም በማይመጣባቸው በእነዚያ ክፉ ወራት ከተማዋ ያጣቀሰችው የእሳቸውን ጎመን ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጨፌው ከሞተ ምንጯ ትደርቃለች፤ ምንጯ ከደረቀች ጎመን የለም፤ ጎመን ከሌለ አዴ ጫልቱ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ወንድ ልጃቸው ቤት ገብተው የምራታቸውን እጅ ሲያዩ ሊኖሩ ነው። ምራታቸው ክፉ ሴት አይደለችም። «ክፉ ብትሆንማ ጥሩ ነበር፤ ተጣልቼ እመለሳለሁ» ይላሉ። «ደግ ናት። ከደግ ሰው ቤት እንዴት ተብሎ ይወጣል?»

ጨፌው ጠባቂ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚለው ተረት እሱን አይመለከተውም፤ ባለቤቱ ብዙ ነበርና። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ይጠብቀዋል። የመሬት ቢሮ ደግሞ ይሰጠዋል፤ ማለቴ፣ ሲጠየቅ። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ናቸው፤ በራቸውን ሲከፍቱ ይገጣጠማሉ፤ «አካም ቡልቴ» ተባብለው እንደምን እንዳደሩ ይጠያየቃሉ፤ ምን እየሠሩ እንደዋሉ ግን አይጠያየቁም። እኔ ይህን ጨዋነት አድርጌ ነው የማየው። የሰው ሥራ ውስጥ መግባት ነውር ነው።

የጥበቃ ቢሮው ኃላፊ ለሜሳ ይባላል። ሰፈራችን ያደገ ልጅ ስለሆነ በአደባባይ ኦቦ ለሜሳ እለዋለሁ እንጂ አንቱ ለማለት አፌ አልለመደም። ትጉህ ልጅ ነው። ሹመቱን በተቀበለ ሰሞን የመጀመሪያ ሥራው ጨፌው ዳር ታፔላ ማስተከል ነበር፤ «ይህ ቦታ የተጠበቀ ነው» የሚል። ታፔላውን ከብት እየታከከ አዘመመው። ኦቦ ለሜሳም ዝም አላለም። በታፔላው ዙሪያ አጥር አሳጠረ። አሁን ከብቶቹ ጨፌው ውስጥ ሲግጡ ቢውሉ ታፔላውን የሚነካው የለም። ስንቱ መሥሪያ ቤት አጥረዋለሁ ብሎ የዛተውን ሳያጥር ቀርቷል። እሱ አጠረ።

ታፔላው ብቻ እንደማይበቃ ሲገባው ደግሞ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዕድራችን ስብሰባ ላይ መጣ። ጨፌውን ማኅበረሰቡ በባለቤትነት ይዞ እንዲጠብቀው ከላይ መመሪያ ወርዷል፤ በከተማዋ ውስጥ ጡሩንባ ተነፍቶ ሰው የሚወጣለት ማኅበር ደግሞ ዕድር ብቻ ስለሆነ ተረከቡኝ አለን። እውነቱን ነው። ሌላው ማኅበር ሁሉ ማኅተም ሲኖረው ሰው የለውም።

የዕድራችን ዳኛ ኦቦ ሞሲሳ ናቸው። ኦቦ ሞሲሳ በወጣትነታቸው የእንጨት ሥራ የሠሩ፣ ዛሬም ነገርን እንደ ጣውላ በአንድ ዓይናቸው አነጣጥረው የሚያዩ ሰው ናቸው። ጥቂት አነጣጠሩና፣

«ለሜሳ ልጄ» አሉ፣ «የዕድራችን ሕግ አባልን ጠብቁ ይላል። ሣር ጠብቁ አይልም።»

«ሕጉን አሻሽሉታ፣ ኦቦ ሞሲሳ።»

ሕጉን ለመጨረሻ ጊዜ ያሻሻልነው ለቀስተኛ በፕላስቲክ ወንበር ይቀመጥ አይቀመጥ በሚለው ጉዳይ ነበር፤ በዚያ ሳቢያ እስከ ዛሬ ሰላም የማይባባሉ ወንድማማቾች አሉ። እንደገና ያንን ለመጀመር ማንም አቅም አልነበረውም። ይህን ጊዜ ነጋዴው ሸምሱ ከኋላ ተናገረ። ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥቶ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ፣ ከሚሸጠው ይልቅ የሚቀልደው የሚበዛ ሰው ነው።

«ሕጉ ካልተቻለ እሱን አባል እናድርገዋ» አለ።

ሰው ሳቀ። ኦቦ ሞሲሳ አልሳቁም። «ምን የሚያስቅ ነገር አለው? ነዋሪ ነው። ከሁላችንም በፊት ነበር። ጎረቤት ይመስክርለት» አሉ።

አዴ ጫልቱ ተነሥተው መሰከሩ። «ደህና ጎረቤት ነው። ማታ ማታ እንቁራሪቱን ያስጮሃል እንጂ ሰው አያማም። ውሃ ለምኜው የለም ያለኝ ቀን የለም። ከመካከላችሁ እንዲህ የምለው ሌላ ሰው የለኝም።»

መዋጮውስ? ተባለ። ለየለቅሶውና ለየድግሱ ቄጠማ ይሰጣል፤ ከብዙዎቻችን ይልቅ እሱ ሳይነታረክ ይከፍላል። ለቀብር መውጣትስ? በአካል ጉዳት ምክንያት ይቅርታ ተደረገለት። እንዲህ ሆኖ ጨፌው በሙሉ ድምፅ የዕድራችን አባል ሆነ። ኦቦ ለሜሳ ከሁላችንም አስበልጦ አጨበጨበ፤ ለበላዮቹም እንደ ትልቅ ስኬት እንዳቀረበው ሰማን። ስኬትም ነበር። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የመንግሥትን ሣር የሚያጭድ ሰው ሞልቷል፤ የዕድርተኛን ሣር ያለ ፈቃድ የሚያጭድ ግን ነገ የሱ ሬሳ በማን ትከሻ እንደሚወጣ ማሰብ አለበት። ከዚያ ወዲያ ደንገሉ አንገቱን ቀና አደረገ። ሕጋችን የታመመ አባል ይጎብኝ ስለሚል ጥር ላይ ጨፌው ጠውለግ ሲል ሁለት ሁለት ሆነን እየወረድን ጠየቅነው። ዳሩ ላይ ቆመን «እንዴት ነህ?» አልነው። ሞኝነት ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን ቆሞ የሚያየው ሰው ካለ ከብትም አይገባበትም፣ ቆሻሻም አይጣልበትም። ጠያቂ ያለው በሽተኛ ቶሎ ይነሣል።

የካቲት ላይ አንድ ፒክአፕ መጣ። ከመንገዱ ዳር ጥቂት ቆመ። ከውስጡ ማንም አልወረደም፤ አቧራ ነበር፣ ፀሐዩም አይጣል ነው፤ መስኮቱ ግን እስከ ግማሽ ወርዶ ነበር። ከዚያ ሄደ። እኛ መንገደኛ መስሎን እጃችንን አውለብልበን ሸኘነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ገልባጭ መኪኖች መጡ። በጨፌው ራስጌ በኩል ገረጋንቲ መገልበጥ ጀመሩ፤ ቀይ፣ ጠጠር የበዛበት የመንገድ አፈር። ምን ሊሆን ነው ብለን ብንጠይቅ የመኪና እጥበት ሊሠራበት ነው ተባልን። እኔ በበኩሌ ሐሳቡን አልነቀፍኩም። ለመኪና እጥበት ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃ ያለበትን ቦታ መርጠዋል። ውሃውን በአፈር ከደፈኑት በኋላ በምን እንደሚያጥቡ ግን ዝርዝሩን አልሰማሁም፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታይ ይሆናል።

በሳምንቱ ምንጯ ደፈረሰች፤ ከዚያም ቀጠነች። አዴ ጫልቱ በእንስራ የሚቀዱትን በጣሳ መቅዳት ጀመሩ። አንድ ቀን ጣሳውን እንደያዙ ኦቦ ሞሲሳ ደጅ መጥተው፣ «ዕድርተኛችሁን እየቀበሩት ነው፤ አልሰማችሁም?» አሉ። ኦቦ ሞሲሳ ኮታቸውን ለበሱ፤ እኔም ተከተልኩ፤ ሦስታችንም ወደ ጥበቃ ቢሮው ሄድን።

ኦቦ ለሜሳ በክብር አስቀመጠን። ወንበር ሳይቀር ከጎረቤት ቢሮ አስመጣልን። ጉዳዩን ሰምቶ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እኔም አዝኛለሁ። ግን ጨፌው እኮ ሞቷል» አለ።

«ሞቷል?» አሉ ኦቦ ሞሲሳ።

«በባለሙያ ተረጋግጧል። ረግረግነቱ አብቅቷል፤ ደረቅ መሬት ሆኗል። ከኔ ጥበቃ ወጥቷል ማለት ነው። ለዚያ ነው የመሬት ቢሮ የሰጠው።»

«መቼ ነው የሞተው?»

«የካቲት።»

ኦቦ ሞሲሳ ወደኔ ዞሩ፤ እኔም ወደ አዴ ጫልቱ። አዴ ጫልቱ ጣሳቸውን ያያሉ። ከየካቲት ወዲህ እኮ ሰኔ ሊገባ ነው። «አባላችን ከሞተ ይህን ያህል ጊዜ» አሉ ኦቦ ሞሲሳ ቀስ ብለው፣ «ለዕድሩ ሳይነገር? ለሜሳ ልጄ፣ ይሄስ ትልቅ ነውር ነው።»

ኦቦ ለሜሳ ሽማግሌው የሚቀልዱ መስሎት ፈገግ አለ። ኦቦ ሞሲሳ ግን ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። በመንገድ ላይ፣ «ኦቦ አያሌው» አሉኝ፣ «ጡሩንባው ይነፋል ወይስ ዝጓል?»

«ይነፋል።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?»

በበነጋው ማለዳ ጡሩንባ ተነፋ። «አባላችን አርፏል፤ ዕድርተኛ ሁሉ ውጣ» ተባለ። ለቅሶው የት እንደሆነ እንጂ ማን እንደሞተ አልተነገረም፤ በእኛ ዘንድ ማን እንደሞተ የሚጣራው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ሲጣራም ከዕድርተኛው መካከል ጨፌ ሞተ ብሎ ማልቀስ ይገባል ወይ ብሎ የጠየቀ አልጠፋም። ኦቦ ሞሲሳ፣ «መንግሥት ሞቷል ካለ እኛ ማን ነን?» አሉት። መዝሙር ይዘመር የሚልም ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ እሱ ግን ለሰው ብቻ ይሁን ተባለና ለዝናብ ጸሎት ተደርጎ ታለፈ።

ድንኳኑን የተከልኩት በአዴ ጫልቱ ቤትና በጨፌው መካከል ነው። ስንትና ስንት ድንኳን ተክያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አልተቸገርኩም። ካስማውን ስመታው ይገባል፤ አውታሩን ስወጥረው ካስማው እንደ ቅቤ ላይ ማንኪያ ተነሥቶ ይመጣል። ከቆፈርኩበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ፈልቆ ሽቅብ አየኝ። «ደረቅ መሬት» ስለተባለ ግን ጉዳዩን ከመሬቱ ሳይሆን ከካስማው ፈለግሁት። በመጨረሻ አውታሩን ሁሉ ከገልባጮቹ አፈር ላይ ድንጋይ እየለቀምኩ አሰርኩት። አዴ ጫልቱ ከድንኳኑ ራስጌ ተቀመጡ። ሐዘናቸው የውሸት አልነበረም። ፊታቸው ላይ የነበረው እኔ በሥራዬ ብዛት የማውቀው መልክ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ባኬ ጃማ የሚሄዱ ሰው መልክ።

ረፋዱ ላይ ኦቦ ለሜሳ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው ብያችኋለሁ፤ ለቅሶ አይቀርም። ፒክአፑን አዲሱ ገረጋንቲ ላይ አስቁሞ፣ አንገቱን እንደደፋ ግራ ቀኝ ሳያይ ገባና አዴ ጫልቱ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የአዴ ጫልቱ ዘመድ የሞተ መስሎታል። ወጉ እንደሚያዘው ነጠላውን አስተካከለ። ቀጥሎም፣

«ያ ሃዳ ኮ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላቸው፤ እናቴ ሆይ ማለቱ ነው።

«አሜን፣ ልጄ።»

«ታመው ነበር እንዴ?»

«የለም፣ ደህና ነበር» አሉ አዴ ጫልቱ። «የካቲት ላይ አንድ ሰው በመኪና መስኮት አየውና ሞቷል አለ። ከዚያ ወዲህ አልቀናውም።»

ኦቦ ለሜሳ ራሱን ነቀነቀ። «የሰው ዓይን ክፉ ነው» አለ።

«ክፉ ነው። ኋላም አፈር አለበሱት።»

«ዘመድ ሳይሰበሰብ?»

«ማንም ሳይሰማ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ? ከየት የመጣ ነው?»

«ከቢሮ» አሉ አዴ ጫልቱ።

ኦቦ ለሜሳ ያን ጊዜ ቀና አለ። በድንኳኑ ተቃራኒ በኩል፣ ሸራው በተገለጠበት፣ ጨፌው ከነቄጠማው ተዘርግቶ ይታያል። ከወዲያ አንድ እንቁራሪት ጮኸ። ኃላፊው ወደ ኦቦ ሞሲሳ ተመለከተ፤ ኦቦ ሞሲሳ መሬት መሬቱን ያያሉ። ወደኔ ተመለከተ፤ እኔ አውታር ሳጠብቅ ነበር። ሊነሣ ሲል ንፍሮ በእጁ ላይ ተደረገ። ንፍሮ በእጁ ይዞ ከለቅሶ የወጣ ሰው በከተማችን ታሪክ የለም። ተቀመጠ። ይበልጥ በተቀመጠ ቁጥር ደግሞ የአግዳሚው እግር ይበልጥ እየሰጠመ፣ እሱም ከሕዝብ ጋር ይበልጥ እየተቀራረበ ሄደ። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ሲደርስ ሾፌሩ እየተጣደፈ መጥቶ በጆሮው አንሾካሾከ። ሹክሹክታው ለሁላችንም ተሰማ፤ ፒክአፑ እስከ በሩ ሰጥሟል።

«ወይ ጉድ» አለ ሸምሱ ንፍሮውን እየቆረጠመ። «ስንት ለቅሶ ደርሻለሁ፤ እንዲህ አጥብቆ እንግዳ የሚይዝ ሟች አይቼ አላውቅም።»

ለቀስተኛው በሙሉ ወርዶ ፒክአፑን ገፋ። ዕድር ለዚህም ነው። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከወጣ በኋላ ኦቦ ለሜሳ ኦቦ ሞሲሳን ገለል አደረጋቸው፤ ገለል ቢልም እዚያው አጠገባችን ነበር።

«አባቴ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ይሄን ድንኳን ያንሡልኝ። ሰው ምን ይለኛል?»

«እንዴት አድርጌ?» አሉ ኦቦ ሞሲሳ። «ሞቷል ያልከው አንተ፤ እኛ አልተቃወምንህም። አለቀስን። የቀረን ቀብሩ ነው። ቀብር ደግሞ የዕድር ሥራ ነው እንጂ የገልባጭ ሾፌር ሥራ አይደለም። ሬሳ ሳይቀበር ድንኳን አይነሣም።»

«መቼ ነው የምትቀብሩት?»

«ዘመድ እየጠበቅን ነው።»

«የምን ዘመድ?»

«ውሃ አይደለም እንዴ? ዘመዱ ብዙ ነው። ዲዴሳ አለ። ከዲዴሳ ወዲያ አባይ አለ። ከአባይ ጋር ወጥቶ የቀረ ስንት አለ። ሁሉም እስኪሰማ ነዋ።»

የገልባጮቹ ሾፌሮች በበነጋው መጡ። ድንኳኑን አዩ፤ ሞተር አጠፉ። እነሱም የሰው ልጆች ናቸው፣ እነሱም ዕድር አላቸው፤ በለቅሶ ቤት ደጃፍ አፈር ገልብጦ በሰላም አገር ያቋረጠ መኪና የለም። ወርደው ንፍሮ ቆርጥመው፣ «ያጽናችሁ» ብለው፣ ያንኑ አፈር እንደጫኑ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን የመሬት ቢሮው ሰዎች ለቅሶ ደረሱ። ሳምንት ሲሞላ የመኪና እጥበቱ ሌላ ቦታ ተፈለገለት ሲባል ሰማን። ሐምሌ ሲገባ የተገለበጠው ገረጋንቲ በገዛ ክብደቱ ወደ ውስጥ ጠለቀ፤ ጨፌው ቄጠማውን በላዩ ላይ አለበሰው። ምንጯ ተመለሰች። አዴ ጫልቱ ጣሳውን ሰቅለው እንስራቸውን አወረዱ።

የዕድሩ ድንኳን ለሌሎች ሟቾችም ስለሚያስፈልግ እሱን አንሥቼ በምትኩ አንዲት ቀዳዳ ሸራ በሁለት ቋሚ ላይ ተውኩ። በቂ ነው። ከዚያ በፊት ጨፌው እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። በሕይወት ሳለ በአጠገቡ ሲያልፍ የሚተፋበት ሰው ዛሬ ባርኔጣውን ያነሣል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው፤ የማያውቁት ሁሉ ደግነቱን ያወራሉ፣ ልጅ ሳለሁ እዚያ ነበር የዋኘሁት ይላሉ። በዚያ ጨፌ ውስጥ ማንም ዋኝቶ አያውቅም፤ አልቅቱ አያስዋኝም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ጥቅምት ላይ ግን ኦቦ ለሜሳ እንደገና መጣ፤ በዚህ ጊዜ በእግሩ፣ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ፊቱ በርቶ። እኔና ኦቦ ሞሲሳ አዴ ጫልቱ መደብ አጠገብ ቆመን ነበር።

«የምሥራች» አለ። «ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ያገገመ ረግረግ አሳዩን ብለዋል። እኔም አሰብኩና፣ ጨፌያችን ሕያው መሆኑ በባለሙያ እንዲረጋገጥ አደርጋለሁ። ከነገ ጀምሮ ሕያው ነው። ወደ ጥበቃዬ ይመለሳል።»

ደስታችንን ጠበቀ። ኦቦ ሞሲሳ በአንድ ዓይናቸው ያነጣጥሩት ጀመር።

«ከተመለሰ በኋላ ምን ይሆናል?» አሉ።

«ይለማላ። ታፔላው ይታደሳል። እንግዶቹ የሚቆሙበት ሰገነት ይሠራል፤ ለሰገነቱ መንገድ ይገባለታል፤ ለመንገዱ ትንሽ ገረጋንቲ...»

አዴ ጫልቱ ጎመን ሲኮተኩቱበት የነበረውን መኮትኮቻ አስቀመጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ቀረብ አሉትና እንደ ልጃቸው ክንዱን ያዙት።

«ማሎ፣ ያ ሙጫ ኮ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንተ ደግ ልጅ ነህ። ደግነትህን አውቃለሁ። ግን አታንሣብን። እንደሞተ ይቆይልን።»

«እንዴ! ሕያው እኮ ነው፣ አዴ ጫልቱ። ይኸው ምንጩ፣ ይኸው ጎመኑ።»

«እኛም እናውቃለን። አንተ ግን አትወቅ።»

ኦቦ ለሜሳ ወደ ኦቦ ሞሲሳ ተመለከተ፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው የአዴ ጫልቱን ቃል አጸኑ። ወደኔ ተመለከተ። እኔ ደግሞ መንግሥትን አክባሪ ሰው ስለሆንኩ አንድ ጊዜ የተረጋገጠ ሞት በየወቅቱ ቢገለባበጥ የቢሮውን ክብር እንደሚነካ በትሕትና አስረዳሁት። ቅር እንዳለው ያስታውቅ ነበር፤ ላስደስታቸው ብሎ የመጣ ሰው ነውና። ከዚያ አዴ ጫልቱ ያሰሩለትን ጎመን በብብቱ ይዞ፣ ቦት ጫማውን ከጭቃው እየነቀለ ሄደ። ጨፌውንም ከሞተበት አላነሣውም። ለዚህ ሁልጊዜ እናመሰግነዋለን።

እንግዶቹም መጥተው ነበር። በከተማችን መሐል አልፈው ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱና አንድ ሌላ ረግረግ አገግሟል ተብሎ ታያቸው አሉ። የአዴ ጫልቱ ጎመን ዘንድሮም አምሯል፤ ቅዳሜ ገበያ ብትወጡ ታገኟቸዋላችሁ፣ ምራታቸውም ሰሞኑን ከባኬ ጃማ ልትጠይቃቸው መጥታ ተሸክማ ሄደች። ያኛውን ያገገመውን ረግረግ ግን አላየሁትም። ዕድር ይኑረው አይኑረውም አልሰማሁም።